ያልሰመረ ስለት ይዞ ወደ ግሸን

እሑድ፣ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. — አዲስ አበባ

ከቅዳሴ መልስ ወንበር ላይ ቆሜ ከቁም ሳጥኑ አናት ጥላውን አወረድኩት። አራት ዓመት ከሁለት ወር እዚያ ተጋድሞ ስለቆየ የተጠቀለለበት ላስቲክ ቢጫ ሆኗል፤ ውስጡ ያለው ቀይ ከፋይ ግን እናቴ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከመርካቶ ይዛው ስትገባ እንደነበረው ነው። ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ተንዠርግጎበታል፤ ጫፉ ላይ የአውራ ጣት ቁመት ያላት የናስ መስቀል አለች። እናቴ ይህን ጥላ የገዛችው ገና ላልደረሰላት ስለት ነበር። ሰው ስለቱን የሚያስገባው የለመነው ከሆነለት በኋላ መሆኑን ብናስታውሳት፣ «እሷ መች አሳፍራኝ ታውቃለች» ብላ ሳቀችብን።

የተሳለችው ስለ እኔ ነበር። በዚያ ዓመት በውሃ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ጀርመን ሀገር ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ቪዛ እጠባበቅ ነበርና፣ «የልጄ መንገድ ከተቃናለት ለግሸን ማርያም ጥላ አገባለሁ» አለች። ቪዛው መጣ። ቲኬቱም ለመስከረም 2008 ዓ.ም. ተቆረጠ። ነሐሴ 14 ቀን ግን፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ ወደቀች። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን፤ ቀኝ ጎኗን አሰረው፣ አንደበቷንም ወሰደው። ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ የመድኃኒቱን ገንዘብ ከምትልክልን እህቴ በቀር ሌላ ወገን ስላልነበረን እኔ ቀረሁ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ዓመት ከጠበቀኝ በኋላ ቦታው ለሌላ መሰጠቱን በአራት መስመር ደብዳቤ አሳወቀኝ። እናቴ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ዐረፈች።

በእነዚያ ዓመታት የጸለይኩትን ጸሎት ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። «እናቴን ማርልኝ» እያልኩ ስሰግድ ያየኝ ሁሉ ለእናቱ የሚጨነቅ ልጅ አድርጎ ይቆጥረኝ ነበር፤ እኔ ግን በልቤ ወራት እቆጥር ነበር። እስከ ጥር ድረስ በእግሯ ከቆመች ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት እደርሳለሁ እል ነበር። ለእግዚአብሔር ዕቅዱን ከነጊዜ ሰሌዳው አሰናድቼ አቀርብለት ነበር፤ ከእርሱ የምፈልገው ፊርማና ማኅተም ብቻ ነበር።

ነገ ማለዳ ከሰፈራችን የጉዞ ማኅበር ጋር እነሣለሁ። ጥላው መግባት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ግን እስካሁን አልቆረጥኩም። አንዱ ጓደኛዬ ያልሰመረ ስለት አይከፈልም፣ ሽጠህ ለነዳያን ስጠው ይለኛል፤ ጎረቤታችን የሆኑት እናት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ በሰው ቤት እንዲህ መክረሙ ራሱ ድፍረት ነው ብለው ተቆጥተውኛል።

ሰኞ፣ መስከረም 19 — እስከ ደሴ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። የአውቶቡሱ ረዳት ጥላውን ፖርቶመጋላ ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ ብዬ በጉልበቶቼ መካከል አቁሜው ተቀመጥኩ፤ መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር የናሱ መስቀል አገጬን ሲነካኝ ዋለ።

ከሾፌሩ ፊት፣ ከመስተዋቱ በላይ፣ ከዳር እስከ ዳር የተለጠፈ ጥቅስ አለ፦ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ።» ኤርምያስ 29፥11። ይህ ጥቅስ በየታክሲው፣ በየቀን መቁጠሪያው፣ በየምርቃት ካርዱ ስለማይጠፋ ዐይን ለምዶት ያልፈዋል። ቪዛዬ የመጣ ቀን ለእህቴ የላክሁላትም ይህንኑ ነበር። ዛሬ ጫጫን አልፈን ወደ ደብረ ብርሃን ስንቃረብ መጽሐፍ ቅዱሴን አውጥቼ ከእርሱ በላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩት፤ ሰባ ዓመት ይላል። ነቢዩ ደብዳቤውን የጻፈው ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ላፈለሳቸው ሰዎች ሲሆን፣ ሰባው ዓመት ሳይሞላ እንደማይመለሱ ይነግራቸዋል፤ ስለዚህም ቤት እንዲሠሩ፣ አታክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ተማርከው ለገቡባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዝዛቸዋል። ደብዳቤው በተነበበ ዕለት አርባ ዓመት የሞላው ሰው ኢየሩሳሌምን ዳግመኛ እንደማያያት ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም ነበር። ያ ሰው የተጻፈለትን «የሰላም አሳብ» ምን ብሎ ተቀብሎት ይሆን እያልኩ ብዙ መንገድ ሄድኩ።

ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ይናገራል። ኤርምያስም አስቀድሞ የመለሰለት፣ አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ ብሎ ነው። ነቢዩ ራሱ የሁለት ዓመቱ ነገር እውነት ቢሆን ደስ ይለው ነበር ማለት ነው፤ ሳይወድ ሰባ ዓመት እንዲል ተደረገ እንጂ። የእኔ «እስከ ጥር» የሐናንያ ትንቢት መሆኗን ለመረዳት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ደብረ ብርሃን ላይ ለቁርስ ወረድን። ከተማዋን የመሠረታት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲሆን፣ ስሟንም ያገኘችው በሰማይ ከታየ ብርሃን ነው ይባላል። ይህ ንጉሥ ግሸን ላይ እንደገና ስለሚገጥመን እዚህ አልዘገይበትም፤ በዚያ ብርድ የዘገየነው በሻዩ ላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ያወጣውን የጣርማበርን ዋሻ በጭጋግ አልፈን ቁልቁል ወረድን፤ ደብረ ሲና ላይ እንደ ወጉ ቆሎ ገዛን።

ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ጋር ወሬው ተሟሟቀ። ከጎኔ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ስለ ጥላው ጠይቀውኝ ታሪኩን ከነገርኳቸው በኋላ፣ «ለበጎ ነው፣ ልጄ፤ ሄደህ ቢሆን ምን እንደሚገጥምህ አታውቅም» አሉኝ። ከአክብሮት የተነሣ ዝም አልኩ። ይህን ቃል ለቅሶ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ልሄድበት የነበረው አውሮፕላን አልወደቀም፤ በዚያው ዓመት የሄደው የክፍል ጓደኛዬ ዲግሪውን ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ፣ በደኅና ይኖራል። እኔ ከምን እንደተረፍኩ አላውቅም፤ ምናልባትም ከምንም አልተረፍኩም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚደረግ የጻፈው ፍጥረት ሁሉ በምጥ እንደሚቃትት በተናገረበት በዚያው ምዕራፍ ነው፤ እንዴት መጸለይ እንደሚገባን አናውቅም ያለውም ከዚያች ቃል ሁለት ቁጥር ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ለቅሶ ቤት የሚጠቀሰው ግን ማቃተቱ ተቆርጦ ነው።

ሐረጎን በጠመዝማዛው ወጥተን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደሴ ገባን። ማታ እራት ላይ ማኅበሩን የሚመሩት አረጋዊ ካህን አጠገብ ቦታ አገኘሁና ነገሬን አነሣሁ።

«አባ፣ ስለቱ አልሰመረም። ጥላውን ማስገባት ይገባኛል?»

«የማን ስለት ነው?»

«የእናቴ።»

«ነፍሷን ይማር። እሷስ ምን አለች?»

«አንደበቷ ተይዞ ነው ያረፈችው፤ ምንም አላለችም።»

ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው ጥቂት አዩኝ። «አደራ ይዘህ መጥተህ ስለ ዕዳ ትጠይቀኛለህ?» አሉና ወደ እንጀራቸው ተመለሱ። መልሱ አላጠገበኝም፤ ነገር ግን ሌሊቱን ከእኔ ጋር ሲገላበጥ አደረ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20 — ሽቅብ

ከደሴ እስከ ግሸን 82 ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ ኩታበርን ካለፉ በኋላ ያለው መንገድ ጠጠርና ጭቃ ስለሆነ፣ በዚያም ላይ ከየአቅጣጫው የመጣው አውቶቡስና አይሱዙ ስለተሰለፈ፣ ግማሽ ቀን ወሰደብን። ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ አልወጣም፤ ዳገቱ በአደይ አበባ ቢጫ ለብሷል፣ ከየገደሉ ቀጭን ፏፏቴ ይንጠለጠላል። ኩታበር ላይ ቆመን ሳለ ሒጃብ ያደረገች ልጅ በጆግ ውሃ ይዛ በመስኮቱ ለምእመናኑ ስታቀብል አየሁ፤ ወሎ ውስጥ ይህን እንደ ልዩ ነገር የሚያወራው ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ብቻ ነው።

ግሸን ከሥሩ ሆነው ሲያዩት ዙሪያውን ገደል የሆነ፣ አናቱ የተስተካከለ አምባ ነው፤ መግቢያውም አንድ በር ነው። ለመካከለኛው ዘመን ነገሥታት የልዑላን መጋዣ እንዲሆን ያስመረጠውም ይኸው አቀማመጡ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ እስከ ትናንት ስለዘነበ የሽቅቡ መንገድ ሳሙና ሆኗል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ወጣን ከፊቴ ይሄዱ የነበሩ አንዲት እናት እግራቸው ከዳቸውና ሊወድቁ ሲሉ ዞረው የጨበጡት የጥላውን ጫፍ ነበር። ላስቲኩ ተቀደደ፤ ጭቃ የነካው እጃቸው ቀዩ ከፋይ ላይ ከነአምስት ጣቱ ታተመ። ደነገጥኩ። እርሳቸው ግን ጥላውን አለቀቁም።

«ይታጠባል» አሉኝ፤ «እኔ ብሰበር ነው የማልጠገነው።»

ከዚያ በኋላ እኔ በእጀታው በኩል፣ እርሳቸው በመስቀሉ በኩል ይዘነው ወጣን። አራት ዓመት ሰው እንዳይነካው የጠበቅሁት ጥላ ምርኩዝ ሆነ። ከጥቂት መንገድ በኋላ ምን ሆኖልኝ እንደማስገባው ጠየቁኝ።

«አልሆነልኝም፣ እማማ።»

ቆሙ። ለማረፍ ይሁን ለመልሴ አላወቅሁም። «እኔም» አሉ።

ልጃቸው በሱዳን በኩል ወጥቶ ሊቢያ ከገባ በኋላ ድምፁ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21ን የሚያሳልፉት እዚህ ነው። «እስከ አምና ድረስ ልለምናት ነበር የምመጣው» አሉኝ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «እየለመንኳት፣ እየተጣላኋትም። ዘንድሮ ግን ልጠይቃት ብቻ ነው የመጣሁት። እሷም እኮ ልጇን ሲሰቅሉባት ቆማ ያየች እናት ናት። ሰው ሁሉ ለምኗት ይሄዳል፤ ማን ይጠይቃታል?»

በቋንቋችን መልስ የሚሻም፣ የታመመ ወይም ያዘነ ሰው ቤት የሚሄድም በአንድ ቃል «ጠየቀ» መባሉን ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው ኖሬ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። እኚህ እናት ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው ለመሻገር ስድስት ዓመት ወስዶባቸዋል። ልጃቸውን ግን አልተዉትም፤ በላስቲክ የተለበጠ ፎቶግራፉ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ለሚያልፈው ሁሉም ያሳያሉ። ለእኔም አሳዩኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ የተነሣው ነው።

በሩ ጋ ደርሰን በሕዝቡ መካከል ተለያየን።

ሌሊቱን ከእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ በጋቢ ተጠቅልዬ፣ ጥላውን ጎኔ አስተኝቼ ማኅሌቱን ስሰማ አደርኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከበሮው ሲረግብ ካህናቱ አቡነ ዘበሰማያትን ሲደግሙ ይሰማል፤ «ይኩን ፈቃድከ» የሚለው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እናቴ ትመጣብኛለች። ከሕመሟ በኋላ ከአንደበቷ የቀረላት ጥቂት ቃል ነበር፤ ከእነዚያም አንዱ «ይሁን» ነው። ገላዋን አጥቤ ስጨርስ «ይሁን»፣ መድኃኒት ሳቀርብላት «ይሁን»፣ እህቴ በስልክ ስታለቅስባት «ይሁን»። የጎበኟት ሁሉ ይህን ከቅድስና ቆጥረውት ነበር። እኔ ግን ስብከት ላደርገው አልወድም፤ ሐኪሟ ከስትሮክ በኋላ እንዲህ ያለ አንድ ሁለት ቃል መቅረቱ የተለመደ መሆኑን ነግሮኛል፣ ሾርባውን አልፈልግም ስትልም ፊቷን አዙራ የምትለው እርሱኑ ነበር። ሆኖም ከሺህ ቃላት መካከል ለምን ያቺ እንደተረፈች ሐኪሙም አልነገረኝም።

አንድ ሌሊት፣ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ይመስለኛል፣ አልጋዋ ሥር ተቀምጬ ያለ ሐፍረት ነገርኳት፤ «አንቺ ባትታመሚ ኖሮ ዛሬ እዚያ ነበርኩ» አልኳት። ሰማችኝ። ግራ እጇን፣ የሚንቀሳቀሰውን፣ አውጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት አመለከተች። ውሃ የጠየቀችኝ መስሎኝ ኩባያ አቀረብኩላት። ወደ ጥላው መሆኑን የተረዳሁት ከሞተች በኋላ ነው፤ ምን ልትል እንደፈለገች ግን ዛሬም አላውቅም።

ረቡዕ፣ መስከረም 21 — የግሸን ማርያም በዓል

ጎህ ሲቀድ አምባውን ለመዞር ተነሣሁ። ግሸን የሚታወቀው በመስቀል ቅርጹ ነው፤ በየሥዕሉ የምናየውም እንዲሁ ነው። ላዩ ላይ ለሚራመድ ሰው ግን መስቀሉ አይታየውም። ሣር፣ የድንጋይ አጥር፣ ጎጆ፣ ከዚያ ድንገት ገደል፤ ዞሮ ሌላ ክንድ ላይ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ሣርና ገደል ነው።

ከቅዳሴ በኋላ አንድ መምህር በመጽሐፈ ጤፉት ያለውን የግማደ መስቀሉን ታሪክ አስተማሩ። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ። አፄ ዳዊት የእስክንድርያውን ፓትርያርክ ከእስር እንዲፈቱ ግብጾችን ካስገደደ በኋላ፣ የመጣለትን ወርቅ መልሶ በምትኩ ክርስቶስ ከተሰቀለበት መስቀል ክፋይ ይሰጠው ዘንድ ጠየቀ፤ ጥያቄውም ተፈጸመለት። መስቀሉን ሊቀበል ወርዶ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ግን ዛሬ ሱዳን በምንለው ሀገር፣ ስናር ላይ በመንገድ ሞተ። ልብ ሳልለው የኖርኩት ቦታ ይህ ነው። ንጉሡ የለመነውን አግኝቷል፤ አብሮት ደጁ ሊገባ ግን አልሆነለትም። በእርሱና በልጁ በዘርዐ ያዕቆብ መካከል ሌሎች ነገሥታት ነግሠው አልፈዋል፣ ሃያ ዓመት የሚያህል ጊዜም ሄዷል። መስቀሉን ከስናር ያስመጣው፣ «መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር» የሚል ራእይ አይቶ ቦታ ፍለጋ ለዓመታት ሀገር የዞረው፣ በመጨረሻም እዚህ ያሳረፈው ልጁ ነው።

መምህሩ ከዚህ አያይዘው የንጉሡን ስም ወደ ሰጠው ወደ ቀደመው ዳዊት ወሰዱን። ንጉሥ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ በልቡ ቆርጦ ሳለ ከአንተ የሚወጣው ልጅህ ይሠራዋል እንጂ አንተ አይደለህም ተባለ። ሰሎሞን ቤቱን በመረቀበት ዕለት በተናገረው ውስጥ ግን፣ እግዚአብሔር ለአባቱ ይህን በልብህ ማሰብህ መልካም አደረግህ ማለቱን ያነሣል፤ ይህም በአንደኛ ነገሥት 8 ላይ ይገኛል። «ተመልከቱ» አሉ መምህሩ፤ «ምኞቱ ተከለከለ፤ መመኘቱ ግን ተመሰገነለት።» ከዚያ ወደ ሌላ ነገር አለፉ። እኔ እዚያው ቀረሁ። አራት ዓመት ሙሉ የተከለከልኩት ክፉ ስለተመኘሁ፣ ወይም ስለማይገባኝ፣ ወይም የተሻለ ስለተዘጋጀልኝ መሆን አለበት እያልኩ አንዱን ምክንያት ጥዬ ሌላውን ሳነሣ ኖሬያለሁ። ምኞቱ መልካም ሆኖ፣ መከልከሉም ከእግዚአብሔር ሆኖ፣ ሁለቱ ሳይጣሉ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ያሰብኩበት ቀን አልነበረም።

ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ መምህሩ ያላነሡትን ላክል። ከመንገሡ በፊት እንደ ሌሎቹ ልዑላን ሁሉ እርሱም በዚሁ አምባ ላይ ተግዞ ነበር። ወጣትነቱን የቆለፈበት ተራራና ኋላ በራእይ ታዞ ሀገር ዞሮ የፈለገው ተራራ አንድ ናቸው። ጠዋት የዞርኩት ሣርና ገደል ትዝ አለኝ፤ እስረኛ ሳለ እርሱም ያየው ይህንኑ ይሆናል።

ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ስለት መቀበያው ጋ ተሰለፍኩ። በሸራ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶ አንድ ዲያቆን ካርኒ ይዞ ይጽፋል፤ ከኋላው ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ የሻማ ካርቶን፣ ዕጣን በኩንታል፣ ከእኔው ጥላ ጋር መንታ የሚመስሉ ጥላዎች ተከምረዋል። ከፊቴ የነበሩት ሰዎች ሲያስገቡ እልል ይባላል፤ አንዲት ወጣት መንታ ልጆቿን አዝላና አቅፋ መጥታ ስታለቅስ ሁላችንም አለቀስን። በሰልፉ ውስጥ ሆኜ መልስ አዘጋጅ ነበር። ምን ተደርጎላችሁ ነው ቢለኝ ምን እላለሁ? ምንም ብል ያሳፍራል፤ ከእናቴ አደራ ብል ደግሞ ሰልፉን የሚያስቆም ታሪክ ይሆናል። ሊያዝ እንደ ቀረበ ሌባ ልቤ ይመታ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ዲያቆኑ ጥላውን ተቀብሎ ከፈተው፤ ዘርፉ ተንሿሿ። ከፋዩ ላይ የደረቀውን የአምስት ጣት ጭቃ አይቶ በእጁ ጀርባ ሁለት ጊዜ ጠረግ ጠረግ አደረገው፤ አልለቀቀም፤ ተወው።

«በማን ስም?»

የእናቴን የክርስትና ስም ነገርኩት። ጻፈ። ካርኒውን ቀድዶ ሲሰጠኝ ዐይኔን ጣል አደረግሁበት፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ ቀን። የተለመነው ምን እንደነበረና ሆነ አልሆነ የሚል ዓምድ የለውም። «ቀጣይ» አለ። እኔ ስወጣም እልል ተባለ፤ ለማን እንደሆነ ማንም ሳይጠይቅ።

ከሰዓት በኋላ ቁልቁል ወረድን። ረቡዕ ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት ጾመን፣ አምባው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በሶ በጥብጠን ጠጣን። እማማን በሕዝቡ መካከል በዐይኔ ፈለግኋቸው፤ አላገኘኋቸውም።

ሐሙስ፣ መስከረም 22 — ሐይቅ

ማኅበሩ በደሴ ካደረ በኋላ ሐይቅ እስጢፋኖስን ለመሳለም ወጣን። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። ሴቶች አይገቡበትምና የማኅበራችን እናቶችና እህቶች ከውጭ ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ይህንን አስቀድመው ስላላወቁ ቅር ብሏቸው ነበር። ስንመለስ ግን ነጠላቸውን ዘርግተው በዛፉ ጥላ ሥር ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ አገኘናቸው።

እኔ ከውሃው ዳር ተቀምጬ ነበር። የውሃ መሐንዲስ ነኝና ሐይቅ ሳይ ጥልቀቱን፣ መፍሰሻውን፣ የዳርቻውን ደለል ማሰብ አልተውም፤ ምኞቴ እንዳልሞተ ያወቅሁት በዚህ ነው። እውነቱን ለመጻፍ ትምህርቱን ዛሬም እፈልገዋለሁ። ጌታ በጌቴሴማኒ «እኔ እንደምወድ አይሁን» ከማለቱ በፊት አስቀድሞ ለምኗል፤ ያውም ሦስት ጊዜ። «ቢቻልስ» የምትለዋን ቃል እርሱ ባይላት ኖሮ እኔ ለማለት አልደፍርም ነበር። ዛሬ በውሃው ዳር አልኳት፤ ወር ሳልቆጥርላት፣ «እስከ ጥር» ሳልላት።

አርብ፣ መስከረም 23 — መልስ

መመለሻው ሁልጊዜ ያጥራል። ኮምቦልቻ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል። በጉልበቶቼ መካከል ምንም ስለሌለ እግሬን ዘርግቼ መቀመጥ ችዬ ነበር፤ ሆኖም ለረጅም ሰዓት እንደ ልማዴ አጣጥፌው ነበር የተቀመጥኩት። ጡረተኛው መምህር ከእንቅልፋቸው ነቅተው፣ «ቀለለህ አይደል?» አሉኝ። ስለ ጥላው ይሁን ስለ ሌላ አልጠየቅኋቸውም፤ አዎን አልኳቸው።

የጣርማበርን ዋሻ ወጥተን ኔትወርክ ሲመጣ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፣ በኢሞ፤ ምስሉ እየተቆራረጠ፣ ከአሠሪዎቿ ወጥ ቤት ቆማ።

«አስገባኸው?»

«አስገባሁት።»

«ምን ብለው ጠየቁህ?»

«በማን ስም ነው አሉኝ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ ፊቷ አለ።

«ሌላስ?»

«ሌላ አልጠየቁኝም።»